የፔግ ምትክ

ፔግ የሞተችው በሚያዝያ ነው፤ እኔ ውሻ የሆንኩት ደግሞ በጥቅምት።

እንዲህ ስል ሰው ይስቃል። ያኔ ግን አሥር ዓመቴ ነበር፤ ነገሩም የሚያስቅ አልነበረም። ፔግ የአባቴ የአደን ውሻ ነበረች፤ ጥቁር፣ ጆሮዋ የተንዘላዘለ፣ ፊላ ውስጥ ያደፈጠ ፌዛንት የሚባለውን የዱር ወፍ ከመቶ እርምጃ ታሸታለች የሚባልላት። የዚያን ቀን ጠዋት የማደሪያዋን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ላቅፋት ነበር። አቀፍኳት፣ ከዚያ እናቴ ለቁርስ ስትጠራኝ በሩን ሳልዘጋ እየሮጥኩ ገባሁ። አባቴ ፒክአፑን አስነሥቶ ወደ ኋላ ሲወጣ ፔግ ከኋላው ቆማ ነበር። ያለፈው ሳምንት በረዶ ገና አልቀለጠም፤ ግቢው ነጭ ነው፣ ውሻዋ ጥቁር ናት፣ ፀሐይዋም ወለል ብላ ወጥታለች። እንዴት ሳያያት ቀረ ብዬ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት በሩን ማን ከፈተው የሚለውን ብቻ ነው፤ መልሱን ደግሞ ዐውቀዋለሁ።

አባቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከጋራዡ ጀርባ ቀበራት፣ አካፋውን አጠበ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮም ፊቴን ማየት ተወ። ሲያናግረኝ የሚያየው ጆሮዬን ነው፤ አንዳንዴም ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ። እራት ላይ "ማርል፣ ቅቤውን አቀብይኝ" ይለኛል፤ ዓይኑ ግን ከጎኔ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ነው። እኔም ቀስ ብዬ ዓይኑ ወዳረፈበት እጠጋለሁ። እሱ ደግሞ ዓይኑን ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል። እንደገና እጠጋለሁ፤ እንደገና ይሸሸኛል።

"አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ትለኝ ነበር እናቴ።

በጋውን በሙሉ እንዲህ ሆነን አሳለፍን። ወንድም እህት የለኝም፣ ቤታችን ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ውሻዋም የለችም። ፔግን ስላስገደልኩበት ጠልቶኛል አልኩ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

የፌዛንት አደን የሚከፈተው በጥቅምት ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ አባቴ ከቤት ሳይወጣ ዋለ፤ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። በሁለተኛው ቅዳሜ የክፍሌ በር ላይ ቆመና፣ "ማርል፣ ልብስ ደርበሽ ነይ" አለኝ።

"ወዴት?"

"ፌዛንት ፍለጋ።"

እናቴ ከኩሽና ሰምታ መጣች። አርሊስ ትባላለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ ስለነበር የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው።

"ልጅቷን በዚህ ብርድ? ሃርላንን ይዘኸው አትሄድም?"

"ሃርላን አፉ አይዘጋም። ወፉን ሁሉ ያስበረግገዋል።"

"እሷስ?"

"እሷ ዝም ማለት ታውቅበታለች።"

እውነቱን ነው። በዚያ ዓመት ከእኔ የበለጠ ዝም ማለት የሚያውቅ ልጅ በመላው ደቡብ ዳኮታ ያለ አይመስለኝም።

ሃርላን የነዳጅ ማደያው ባለቤት ነው። ልንቀዳ ስንቆም የአባቴን ብርቱካንማ ሰደርያ አጥልቄ አየኝ፤ ጉልበቴ ድረስ ወርዶ ነበር። በመስኮቱ ጎንበስ አለና፣ "ቨርን፣ አዲሷ ውሻህ ይቺ ናት? ክትባቷን ወስዳለች?" አለው።

"ገና እየተማረች ነው" አለ አባቴ፣ ፈገግ ሳይል።

ነገሩ ለእኔ እዚያ ላይ ተቋጨ። ውሻ ያስገደለ ውሻ ይሆናል። ፍርዱ ትክክል መስሎ ስለታየኝ ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ጎበዝ ውሻ ሆኜ ላሳየው ቆረጥኩ። ያን ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባቴን ባርኔጣ ላባ እየነቀልኩ ሣር ውስጥ እወረውርና፣ ዓይኔን ጨፍኜ በአራት እግሬ እየሄድኩ በአፍንጫዬ እፈልገው ነበር። ያገኘሁት ነገር ቢኖር ጉንፋን ነው።

የምናድነው የመንግሥት መሬት ላይ ነበር። ደህና ደህናው የበቆሎ እርሻ "መግባት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ አለበት፤ ከሌላ ግዛት በአውሮፕላን ለሚመጡ አዳኞች የተያዘ ነው። የመንግሥቱ ግን የሁሉም ነው፤ የሁሉም ስለሆነም ሁሉም ይረግጠዋል። መሐሉ ረግረግ ነው፤ ዙሪያውን ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ፊላ፣ ከዚያ ወዲያ ደርቆ የተጋደመ ሣር፣ ከዚያ ወዲያ ሰማይ።

"በመክፈቻው ሳምንት ሞኞቹ ያልቃሉ" አለኝ አባቴ። "አሁን የቀሩት ከእኔና ካንቺ የበለጠ የተማሩት ናቸው።"

እነዚያን የተማሩትን ማግኘት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መኪናውን ከሩቅ እናቆማለን። የመኪና በር ድው ካለ፣ እዚያ ማዶ ያለው ፌዛንት ሁሉ መብረሩን ትቶ በእግሩ እብስ ይላል፤ ስለዚህ በሩን በዳሌያችን ገፋ አድርገን ነው የምንዘጋው። ነፋሱን ፊት ለፊት እንይዛለን። ወሬ የለም።

"ስትሄጂ እነሱም ይሄዳሉ" አለኝ በጆሮዬ። "ስትቆሚ ግን ይጨንቃቸዋል። አየችን ብለው ይደነግጣሉ። ሃያ እርምጃ ሂጂ፣ ቁሚ፣ እስከ አሥር ቁጠሪ። የሚነሡት ያኔ ነው።"

"ሲነሡስ?"

"ትጮኺያለሽ። አውራ ከሆነ አውራ፣ ሴት ከሆነች ሴት። የሚገደለው አውራው ብቻ ነው። ሴቷ አትነካም፤ የከርሞዎቹ አሥር ጫጩቶች እሷ ናቸው። አንቺ ካልጮህሽ አልተኩስም።"

እንዲህ ያለ ክብር ለፔግ እንኳ ተሰጥቷት አያውቅም። መጮኹ የአገራችን የአደን ደንብ ነው፤ ቀድሞ ያየ ይጮኻል። ልዩነቱ፣ ሌሎች ሲያድኑ ሁሉም ይጮኻሉ፤ እኛ ስናድን ግን የምጮኸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ያስተዋልኩት አድጌ፣ ከሌላ ሰው ጋር ማደን ከጀመርኩ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀናን። ሃያ እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። ስምንት ላይ ስደርስ ፊላው ከእግሬ ሥር ፈነዳ፤ ቀይ ፊት፣ አረንጓዴ አንገት፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት፣ ክንዴን የሚያህል ጅራት። "ካክ ካክ ካክ!" እያለ ሲወጣ እኔም ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ "አውራ!" አልኩ። አባቴ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ ዶሮ አንድ ነገር ስትመረምር እንደምታደርገው፣ ተኮሰ። ወፉ ወደቀ። ሮጬ አመጣሁለት። በአፌ ይዤ ልመጣ ሁሉ አስቤ ነበር፤ ከብዶኝ ተውኩት።

አባቴ ጓንቱን አወለቀና ወፉን ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ ዳሰሰው። "ጎበዝ" አለ፣ ለጆሮዬ።

ለፊቴ ቢለው ምን ነበረበት?

የቀረው ቀን ያለቀው በዝምታ ነው፤ የሚቀጥለው ቅዳሜም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። የክፍሌ ልጆች ቅዳሜ ከተማ ውስጥ ተሰብስበው ባለ ጎማ ጫማ ይንሸራተታሉ፣ ልደት ያከብራሉ። እኔ ከአባቴ ሠላሳ እርምጃ ርቄ ፊላ ውስጥ እሄዳለሁ። ሳንዱዊቻችንን የምንበላው ለየብቻችን መስኮት እያየን ነው፤ ከፔርሙዙ ሻይ ሲቀዳልኝ ትንሽ ጉልበቴ ላይ ያፈሳል፤ ይቅርታ አይልም፣ እኔም ተቃጠልኩ አልልም። ሰው አጠገብ ተቀምጦ ሰው መናፈቅ ምን እንደሚመስል የተማርኩት በዚያች ፒክአፕ ውስጥ ነው።

በሥራ ቀን አባቴ የትምህርት ቤቱን ሰርቪስ ይነዳ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲነዳ፣ የበረዶ ማዕበል መንገድ በዘጋበት ቀን እንኳ አልቀረም። በዚያ መኸር ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር የእኔ ሆነ። ከዚያ ወንበር ላይ የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን።

"ማርል፣ ሹልትዞቹ ቤት ጋ ስንት ልጆች ቆመዋል?"

"ሁለት።"

"እነማን?"

"ትልቋና ትንሹ።"

"መንገዱን ተሻግረዋል?"

"ተሻግረዋል።"

"ጎበዝ።"

ጓደኞቼ የሾፌር ልጅ ነኝ ብዬ የምኮራ መስሏቸው ከኋላ ወንበር ጠቀሱኝ፣ ከዚያ ተዉኝ። እኔ ግን ጨዋታውን እወደው ነበር። ዛሬ እኔም እናት ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ልጅ የጫነ ሰርቪስ በአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ዓይን ይሄድ እንደነበር አሁን ይገባኛል። አባቴን እወደዋለሁ፤ በዚህ ግን እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ።

በኅዳር ወር፣ አንድ ሐሙስ ቀን ጭጋግ ነበር። የሹልትዞቹ ትንሹ ልጅ ምሳ ዕቃው ከእጁ አምልጦት ተንከባለለና ሊያነሣው ከሰርቪሱ ፊት ገባ። አባቴ ማርሽ አስገብቶ ነበር።

"አባ! ልጁ!" ብዬ ጮህኩ።

ፍሬኑን ረገጠው። ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ቀና ስል በመስታወቱ ታች የልጁ ቀይ ኮፍያ ጫፍ ብቻ ይታየኛል። ኮፍያው ተንቀሳቀሰ፣ ምሳ ዕቃውን አነሣ፣ ዞሮ ገባ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደጨበጠ ብዙ ቆየ።

በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ ትምህርት ቤት መጣ። ክፍል ውስጥ ሆኜ በበሩ መስታወት አየሁት፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ቆሟል። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ያን ልጅ እንዴት እንዳዳንኩ ሊነግርልኝ ነው የመጣው! ባርኔጣውን አዟዟረው። እጁን ወደ በሩ ሰደደ፣ መለሰው። ከዚያ ዞሮ ሄደ። ለመሞገስ እንኳ የማልበቃ ልጅ ነኝ ማለት ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ የመጣው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው።

ሰማዩ አመድ መስሏል፤ ፀሐይ የለም፣ ጥላም የለም። ሦስት ሰዓት ተጓዝን። ሃያ እርምጃ፣ መቆም፣ አሥር መቁጠር። አንድም ወፍ የለም። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። አባቴ በስተቀኜ ሆኖ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ይሄዳል። ከኋላችን በኮረቱ መንገድ ላይ አንዲት መኪና ቀስ እያለች መጣችና ቆመች፤ ዞሬ አላየሁም፤ የአደን ውሻ መኪና አያይም። እያሰብኩ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምን ባደርግ ነው ይህ ሰው አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ፊቴን የሚያየኝ?

ቆሜ ስቆጥር፣ ሰባት ላይ ስደርስ ወፏ ከእግሬ ሥር ተነሣች። ቡናማ፣ ጅራተ አጭር፣ ድምፅ የሌላት ሴት ነበረች። ጥርት አድርጌ አየኋት። የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ አይስታትም።

"አውራ!" ብዬ ጮህኩ።

ቀልዴን ነው። ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ፣ "ኧረ ይቺ ቀልደኛ! ይሄ ነው አውራ?" ብሎ ወደ እኔ ዞሮ እንዲስቅ ነበር። ስቆ ሊያየኝ ነው ብዬ ጥርሴን ገልጬ ጠበቅሁት።

ተኮሰ።

ሴቷ ሣሩ ላይ ወደቀች። ጥርሴ እንደተገለጠ ቀረ። ሴት አትነካም ያለኝ ሰው፣ ዓይኔ እያየ፣ ሴት ገደለ። አባቴ ሄዶ ተንበረከከ፣ ጓንቱን አወለቀ፣ አንገቷን ዳሰሰ፣ አጭሯን ጅራት ዳሰሰ። ከዚያ አልተነሣም። እኔም አልሮጥኩም።

ከቆመችው መኪና ወርዶ ከመንገዱ በኩል የመጣው ዱዌን ነበር፣ የአውራጃው የአደን ተቆጣጣሪ። ልጅ እያለ ጠመንጃ አያያዝ ያስተማረው አባቴ ነው። "ቨርን" አለ፣ "ማርላ" አለ፣ እኔን በሙሉ ስሜ። ከዚያ ወፏን አየ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አውራ መስሎኝ ነው" አለ አባቴ፣ እንደተንበረከከ።

ዱዌን ቀና አለ። ሰማዩን አየ። ወፏ ከተነሣችበት እስከ ወደቀችበት ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካ፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። በዚያ ብርድ ባርኔጣ ማውለቅ ምን ይሉታል ብዬ ገረመኝ።

"ቨርን፣ እኔን አውራና ሴት ለይቶ ያስተማረኝ ማን ነው?"

"እኔ።"

"መቼ ጀመረህ?"

"ከሚያዝያ በፊት።"

ክው አልኩ። አባቴ ከሚያዝያ ጀምሮ ሴት ፌዛንት ሲገድል ከርሟል!

"አርሊስ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ትምህርት ቤቱስ?"

አባቴ የወፏን ክንፍ አጠፈ።

"ቨርን። ትምህርት ቤቱስ?"

"ትናንት ልነግራቸው ሄጄ ነበር። በሩ ላይ እግሬ አልገባም አለኝ።"

ሴት ፌዛንት መግደል ለርዕሰ መምህር ሁሉ የሚነገር ወንጀል መሆኑን ያኔ ነው የሰማሁት። አውራ ያልኩት እኔ ነኝ።

ዱዌን ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን አየኝ፣ በደንብ፣ ስንት ወር ሙሉ ማንም ሳያየኝ እንደቆየሁ ያወቀ ይመስል። "አንቺስ ማርላ? ምን መስሎሽ ነበር?"

"አላየሁም" አልኩ።

የዋሸሁት ሁለተኛ ውሸት ነው፤ ከመጀመሪያውም የከፋው። አባቴ ተነሣና እጁን ሰደደ፤ መጀመሪያ ትከሻዬን አገኘ፣ ከዚያ ኮፍያዬን። እጁን እዚያ ላይ አሳረፈው። "እሷን ተዋት" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ሰኞ አብሬህ እሄዳለሁ" አለው ዱዌን። "አሁን ቁልፉን ስጠኝ።"

የራሱን መኪና መንገድ ላይ ትቶ የእኛን ፒክአፕ ነዳ። እኔ መሐል ተቀምጬ የአባቴን እጆች አያለሁ፤ ካቴና ያልገባላቸው ጨዋ ሰው ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። ቤት ስንደርስ የኩሽናው በር ተዘጋ። እናቴ ስታለቅስ ይሰማኛል፦ "ሠላሳ ልጅ፣ ቨርን! ሠላሳ ልጅ!" በጣቴ አሰላሁት። አንዲት ሴት በዓመት አሥር ጫጩት፣ ሦስት ዓመት ብትኖር ሠላሳ። እናቴም ለወፏ ልጆች እያለቀሰች ነው።

ሰኞ ሰርቪሱን የነዳችው ከረሜላ የምትልስ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ጨዋታው ቀረ። ሃርላን ለሁሉም አውርቶ ኖሮ፣ ትልልቆቹ ልጆች "አባቷ ሴት ፌዛንት ገድሎ ተባረረ" እያሉ ተሳለቁብኝ፤ እኔም ነገሩን እንደዚያው አመንኩት። አባቴ የእህል ጎተራው ውስጥ መጥረግና ጆንያ መስፋት ጀመረ። ወደ ፊላው ግን ከእኔ ጋር አልተመለሰም። ቅዳሜ እሱ ሬዲዮው አጠገብ ይቀመጣል፣ እኔ መስኮቱ አጠገብ። የዋሸች ውሻ ሁለተኛ አትወጣም አልኩ።

ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን እናቴ የነገረችኝ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ የዓይነ ስውራን ነጭ ዱላ ያመጡለት ቀን። ሁሉም ሰው የማውቅ መስሎት ኖሯል። ፔግ፣ ሰርቪሱ፣ "መቼ ጀመረህ"፣ ሠላሳው ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ቦታ ቦታውን ያዘ። ሰው ይህን ሲሰማ፣ እንግዲያው ቀለለሽ ይለኛል። አልቀለለኝም። ከዚያ በፊት አባቴን ያሳሳትኩ ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የማያይ ሰው አምኖኝ የዋሸሁ ሆንኩ። ይህንንም እንደ ሌላው ለማንም አልተናገርኩም።

አርባ ዓመት ሆነው። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። አባቴ ሰማንያ አራት ዓመቱን ይዞ ከተማችን ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ይኖራል። እኔ አሁንም ያንኑ የመንግሥት መሬት እረግጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን። ልጆቼ ሥጋውን እንጂ ብርዱን አይወዱትም። ወፍ ሲነሣ አሁንም "አውራ!" እላለሁ፤ የሚሰማ የለም።

ባለፈው ኅዳር አንድ ትልቅ አውራ ቀንቶኝ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤለት ሄድኩ። ነርሷ ላይ ላዩን እያየች "ደም አይንጠባጠብብኝ" ብላ አሳለፈችኝ። ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ጣቶቹ ከአንገቱ ተነሥተው እስከ ጅራቱ ጫፍ ሄዱ።

"የዘንድሮ አይደለም" አለ። "ሁለት ክረምት ያየ ነው። ከየት አገኘሽው?"

"ከሰሜኑ ጥግ። ፊላው ከሣሩ የሚገናኝበት።"

"ቆመሽ?"

"ቆሜ። ዘጠኝ ስቆጥር ተነሣ።"

ፈገግ አለ። ለምን በዚያን ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ወፉ ጭኑ ላይ ስለነበረ ነው፣ ምናልባት ዓመቱ ስለመሸበት።

"አባ" አልኩ፣ "ያቺን ሴት… አይቻት ነበር። ሴት መሆኗን እያወቅሁ ነው አውራ ያልኩህ።"

ጣቶቹ ጅራቱ ላይ ቆሙ።

"ዐውቃለሁ" አለ።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"አውራ ሲነሣ እንዴት ያደርጋል?"

"ይጮኻል።"

"እሷስ?"

አርባ ዓመት ሳድን ኖሬ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አለማሰቤ!

"ዓይኔ ነው እንጂ የሄደው ጆሮዬማ እዚሁ ነበር" አለ። "ክንፏን ሰማሁ፤ ሌላ ምንም አልሰማሁም። የዱዌን መኪና ከኋላችን ስትቆምም ሰምቻለሁ። ያቺን የምታፏጭ መኪና ማን ይስታታል?"

"ታዲያ ለምን ተኮስክ?"

የወፉን ላባ ወደ ኋላ አሻሸው፣ መልሶ አስተካከለው።

"ሐሙስ ያ ልጅ ሊሞትብኝ ነበር። ዓርብ በሩ ላይ ቆሜ 'አላይም' ማለት አቃተኝ፤ ሰው ሆኜ እንዴት ልበል? 'አውራ መስሎኝ' ማለት ግን… ይቺን ማለት አያቅተኝም አልኩ። የቀረውን ዱዌን ይጨርሰዋል።" ራሱን ነቀነቀና፣ "ምስኪን ወፍ" አለ። "እኔን ግን ሲገርመኝ የኖረው ያንቺ ነገር ነው። ለምን አውራ አልሽኝ?"

ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ድምፄ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሆነብኝ።

"ዞር ብለህ እንድትስቅልኝ ነበር። ፊቴን እንድታየኝ። ከፔግ በኋላ አላየኸኝም እኮ አባ። ጆሮዬን ነበር የምታየው።"

አባቴ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ፣ ያኔ ሲተኩስ እንደሚያደርገው። አሁን የዳር ዳሩም ብርሃን ካለቀበት ቆይቷል፤ ልማድ ሆኖበት ነው። እጁ ተነሣ፣ ትከሻዬን አገኘ፣ ከዚያ ጉንጬን።

"መጀመሪያ የሄደብኝ መሐሉ ነበር፣ ልጄ" አለ። "ፊት ለፊት ያየሁት ነገር ሁሉ ይጠፋብኝ ነበር። ዳር ዳሩ ግን ቀርቶልኝ ነበር። ጆሮሽ ላይ ሳተኩር ፊትሽ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ባዶው ወንበር ላይ ሳተኩር ሁለመናሽ ይታየኛል። ሳይጨልምብኝ ልጥገብሽ ብዬ፣ እራት ላይ ስንት ጊዜ በዳር ዳሩ አገኘሁሽ…"

እጁን ከጉንጬ አላነሣም።

"አንቺ ግን ባገኘሁሽ ቁጥር ብድግ ብለሽ ወደ መሐሉ ጨለማ ትገቢብኛለሽ። ምን አድርጌሽ ነበር የምትሸሺኝ?"